ሐዘንተኛን ስለ ማጽናናት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሐዘን እናገር ዘንድ ስለ ተፈቀደልኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱን ለመምህሬ ባሳየሁ ጊዜ «በበዓል ቀን ልቅሶ ምን አመጣው?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም «የምሥረታ በዓል ስናከብር፣ አብረውን ሊደሰቱ ይገባቸው የነበሩትንና ዛሬ በመካከላችን የሌሉትን አባቶች፣ እናቶችና ጓደኞች እናስባለን፤ እነርሱን ካሰብን ደግሞ፣ እነርሱን ያጡት ልጆች በየክፍሉ ከእኛ ጋር እንደ ተቀመጡ መርሳት የለብንም» ብዬ መለስሁ። መምህሬም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ተናገሪ» አሉኝ።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ነገር ያስተምረናል። የሦስት ማዕዘን ስፋት እንዴት እንደሚለካ፣ ደም በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር እናውቃለን። ነገር ግን አባቱን ቀብሮ ወደ ክፍል ለተመለሰ ጓደኛ ምን እንደምንለው የሚያስረዳ መጽሐፍ በቦርሳችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መርዶ ከቀብር በፊት ይነገር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማጽናናት ከአርባ ቀን በኋላ አይቋረጥ የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን ከመናገሬ በፊት የአባቶቻችንን ሥርዓት ላመስግን። በአገራችን ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባውን የሰማ ገበሬም በሬውን ፈትቶ ይመጣል። ጎልማሶቹ መቃብር ይቆፍራሉ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው፣ እንጀራ ጋግረው ይደርሳሉ፤ ስለዚህ የሐዘንተኛው ምድጃ ባይነድም ቤተ ሰቡ ጦሙን አያድርም። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ስም፣ ሥራውንና ደግነቱን እያነሣች ታስለቅሳለች። ከዚያም ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ በተራቸው ይከተላሉ። ባል የሞተባት ሴትም እርሻዋ ጦም እንዳያድር ጎረቤት በደቦ ያርስላታል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ጥበቦች አሉ። መጀመሪያ፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው ሐዘኑ ለብዙ ትከሻ ይከፈላል። ቀጥሎ፣ ማልቀስ ነውር አይደለም፤ ትልቅ ሰው በአደባባይ ቢያለቅስ ማንም አይስቅበትም። በመጨረሻም፣ ሐዘን የራሱ ቀናት ተቈርጠውለታል፤ ሐዘንተኛው ዛሬ የት እንደ ደረሰና ነገ ማን ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ያውቃል።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የኢዮብን ታሪክ ተምሬአለሁ። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በመሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንዳች ቃልም አልተናገሩም። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ «እስከዚህ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ፤ ጥፋታቸው የተጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው» ብለውን ነበር። የእኛ አገር ልቅሶ ደራሽም ጥግ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥን ያውቅበታል።

የዚህን ሥርዓት ዋጋ በደንብ ያወቅነው ባጣነው ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ገባ፤ በዚያው ወር መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ነገሩ ሕይወት ለማዳን አስፈላጊ ነበር፤ ቢሆንም ሐዘንተኛን ማቀፍ እንኳ የሚያስፈራ ሆነ። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ። ጦርነት ባለበት አገር ጥሩንባ ነፍቶ፣ ዳስ ጥሎ፣ እንደ ሥርዓቱ አልቅሶ መቅበር እንዴት እንደሚቸግር ከእኔ ይልቅ በዚህ የተቀመጣችሁት ወላጆች ታውቃላችሁ። ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛልና አልዘረዝረውም።

እርግጥ ነው፣ በልማዳችን ውስጥ መታረም ያለበትም አለ። ፊትን መንጨት ቁስል እንጂ ጽናት አይሰጥም። ለተዝካር ተብሎ በሬ መሸጥና በዕዳ መያዝም በሟቹ ልጆች ላይ ሁለተኛ ሐዘን ማምጣት ነው። ስለ እነዚህ ብዙዎች ስለ ተናገሩ እኔ ወደ ሁለቱ ነጥቦቼ እመለሳለሁ።

ስለ መርዶ ከራሴ ሕይወት ልናገር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ከስማዳ ገጠር ወጥቼ በከተማ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ እማር ነበር። ስንቄን በየሳምንቱ ታናሽ ወንድሜ ከገበያተኛ ጋር ያመጣልኝ ነበር። በሰኔ ፈተና ሳምንት ግን ስንቁን ይዘው የመጡት አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። አገልግሉን ስከፍተው እንጀራው የእናቴ እጅ አለመሆኑን ዐወቅሁ፤ እናቴ ስትጋግር ጠርዙን ታሳሳዋለች፣ ያ ግን ጠርዙ ወፍራም ነበር። «እማዬ ምን ሆና ነው ያልጋገረችው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጎረቤታችን ዐይናቸውን ወደ አህያቸው መልሰው «ሥራ በዝቶባት ነው፤ አንቺ ፈተናሽን አጥኚ» አሉኝ። እኔም አጠናሁ፤ እንጀራውንም በላሁ። የአባቴ የልቅሶ እንጀራ ነበር።

ፈተናው ባለቀ ማግሥት አጎቴ መጣ። «አያ፣ አባዬ ደኅና ነው?» ስለው «ጥቂት ዐሞታልና ልይሽ ብሏል» አለኝ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ለአጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጥና፣ እኔን አይቶ ወደ መሬት ያቀረቅር ነበር። ሌሊቱን በአክስቴ ቤት አደርን። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ገብተው በተቀመጡ ጊዜ፣ ገና ሳይናገሩ ዐወቅሁ። አባቴ ከተቀበረ 11 ቀን ሆኖት ነበር። ቤት ስደርስ ዳሱ ፈርሷል፤ ሰልስቱም ሰባቱም አልፏል። ሰዎች አብረውኝ አለቀሱ፤ ነገር ግን እኔ ገና ስጀምር ሌላው ጨርሶ ነበር። እናቴ እንኳ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

በኋላ ቀኑን ስቈጥር፣ አባቴ የተቀበረበት ዕለት የሒሳብ ፈተና የተፈተንሁበት ዕለት ሆኖ አገኘሁት። 91 አግኝቻለሁ። የዚያን ዓመት የውጤት ካርዴን ባየሁ ቍጥር ዐይኔ ከዚያ ቍጥር ላይ ያርፋል።

ወላጆቼ ሆይ፣ ይህን ስናገር ዘመዶቼን ለመክሰስ አይደለም። ፈተናዬን እንዳልወድቅ አዝነው ያደረጉት ነው። መርዶን መሸሸግ ራሱም ከጥበብ የመጣ ነው፤ ሰው በመንገድ ላይ ብቻውን ሳለ ቢሰማ ወድቆ ይቀራል፣ ገደልም ይገባል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ዘመድና ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ በማለዳ፣ በእርጋታ እንዲነገረው ሥርዓት ተሠራ። ይህ ሥርዓት ይኑር። እኔ የምለምነው፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ከ11 ቀን በኋላ ወደ አክስቴ ቤት በመጡበት አኳኋን፣ በሞተበት ዕለት ወደ ተከራየሁበት ቤት ቢመጡ ኖሮ የሚል ነው። የሒሳብ ፈተና በሌላ ቀን ሊሰጥ ይችላል። አባት ግን ሁለት ጊዜ አይቀበርም።

የዘገየ መርዶ ምን ያህል እንደሚከብድ አገራችን በሰፊው አይታለች። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። በትግራይ ግን የወደቁት ተዋጊዎች መርዶ በሥርዓት ለየቤተ ሰቡ የተነገረው ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። እኛ ጦርነቱ በደጃችን ያለፈ የጋይንት ልጆች ነን። ቢሆንም ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ በር በርን ስታይ የከረመች እናት በየትኛውም ወገን ብትሆን ሐዘኗ እንደሚገባን አምናለሁ። ወሬው የጠፋበት ሰው ማልቀስም አይችል፣ መጽናትም አይችል፤ በመካከል ተንጠልጥሎ ይኖራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ከአባቴ አርባ በኋላ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ጥቁር ለብሼ ወደ ክፍል ተመለስሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን የአባቴን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ስቀርብ ሳቃቸውን ያቆማሉ፤ «አባቴ» የሚል ቃል ከአፋቸው ቢያመልጥ ደንግጠው ያዩኛል። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ምን እንደሚሉ ስላላወቁ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ያመለጠኝን ትምህርት በራሷ ደብተር ገልብጣ አመጣችልኝ። ዓርብ ዓርብ እስከ ከተማው ዳር ትሸኘኝ ጀመር። አንድ ቀን እየሄድን ሳለ «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ በሬዎቹን በስም እየጠራ ሲያርስ፣ ማታ ማታ ፊደል ሳነብለት ሳይገባው ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሁሉንም ነገርኋት። አለቀስሁም፣ ሳቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቱ ይገባኝ ጀመር።

በዚህ ነገር ሊቃውንትም ብዙ ተመራምረዋል። ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ለሞት ከተቃረቡ በሽተኞች ጋር ተነጋግራ በጻፈችው መጽሐፍ ስለ አምስት ደረጃዎች ተናገረች። ሰዎችም ይህን ወስደው ሐዘንተኛ ሁሉ እንደ መሰላል በተራ የሚወጣው አድርገው አሰቡት። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ግን ሐዘን በደረጃ እንደማይሄድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሐዘንተኛ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ መሆኑን ጻፉ፤ አንድ ጊዜ ወደ ሐዘኑ ይመለሳል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ኑሮው። ስለዚህ እናቱ በሞተች በሳምንቱ ኳስ የሚጫወት ልጅ ብታዩ «ልቡ ደንዳና ነው» አትበሉ። ከስድስት ወር በኋላ በክፍል ውስጥ ድንገት የሚያለቅስም ብታዩ «እስከ ዛሬ?» አትበሉት። ሁለቱም በጤና ያዝናሉ።

ብዙው ሰው በጊዜ ብዛትና በሰው ርዳታ ይጸናል። አንዳንዱ ግን ሐዘኑ ሳይቀልለት ይቀርና መብላት፣ መተኛት፣ መሥራት ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከ6 ወር በላይ በዚህ ሁኔታ የሚቆይ ከባድ ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ተጽፏል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በዚያው ዓመት ባወጡት መጽሐፍ ለትልቅ ሰው 12 ወር፣ ለልጅ 6 ወር ብለው ወስነዋል። አባቶቻችንም መንፈቅና ሙት ዓመት ብለው በእነዚሁ ጊዜያት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይመለሱ ነበር። ሐኪሞቹ በመንፈቁና በዓመቱ ሐዘንተኛው እንዴት እንደ ሆነ ተመልከቱ ሲሉን፣ መንገዱን አስቀድመን የምናውቀው ነው።

ማጽናናት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ላምጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ በእኛው በጋይንት በኩል ነው ያለፉት። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ልጃቸው ዓለማየሁ 7 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ልጁን ይዞ ሲመለስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አንድ ወር ያህል ቆይተው በመንገድ ሞቱ። ዓለማየሁ ልብስና ምግብ፣ ታላላቅ ትምህርት ቤቶችም አልጐደሉበትም። ነገር ግን አማርኛ የሚያውቀውንና እርሱም የለመደውን አሳዳጊውን ሻምበል ስፒዲን እንኳ ለይተው ለሌላ ሰጡት፤ ከዚያም ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት አዛወሩት። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ታምሞ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያም በዕለት ማስታወሻዋ ላይ፣ ወገን ዘመድ ሳይኖረው በሰው አገር ብቻውን መሞቱን በሐዘን ጽፋለች። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ የእኔ ዕድሜ ማለት ነው። የገደለው በሽታ ነው፤ ነገር ግን ስለ አባትሽ ንገሪኝ ያለችኝን ጓደኛዬን ሳስብ፣ ይህን ልጅ ስለ አባቱና ስለ እናቱ በቋንቋው የጠየቀው ማን ነበር እላለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ የሟቹን ስም ለማንሣት አትፍሩ፤ ሐዘንተኛው አልረሳውምና አታስታውሱትም። ሁለተኛ፣ «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» ብላችሁ አትለፉ፤ ሐዘንተኛ የሚፈልገውን አያውቅም። ደብተር ገልብጡለት፣ ውኃ ቅዱለት፣ ስንቁን አግዙት። ሦስተኛ፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ከአንተ የባሰም አለ» የሚሉትን ቃላት ተዉአቸው፤ ቃል ካጣችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። አራተኛ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካና ሙት ዓመቱ ለሐዘንተኛ ልጅ ከባድ ቀናት ናቸውና በእነዚያ ቀናት ፈልጉት። አምስተኛ፣ ጓደኛችሁ «እኔም ተከትዬ ብሄድ ይሻላል» ሲል ብትሰሙ ምስጢር ነው ብላችሁ አትሸሽጉ፤ ብቻውን ሳትተዉት ያን ዕለቱን ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ ንገሩ።

መምህራኖቻችንንም የምለምነው አለኝ። ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ያለፈውን ፈተና በሌላ ቀን እንዲፈተን ደንብ ቢጻፍለት፣ ወላጆች ለፈተና ብለው መርዶ የሚሸሽጉበት ምክንያት ይቀንሳል። በየክፍሉም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ተመርጠው የሐዘንተኛ ጓደኞቻቸውን ነገር እስከ ሙት ዓመቱ ቢከታተሉ፣ ጥሩንባና መዋጮ የሌለው የክፍል ዕድር ይሆንልናል።

በመጨረሻ፣ ክቡራን ወላጆቻችን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እጅግ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈትኗል። እኔም ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ስለዚህ ባለፈው ቤት በሄድሁ ጊዜ እናቴን አንድ ነገር ለመንኋት። «እማዬ፣ የትም ብሆን፣ ምንም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አትሸሽጊኝ» አልኋት። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱን ከድና ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «እሺ ልጄ፤ ግን ብቻሽን ሳለሽ አላስነግርሽም፤ የሚይዝሽ ሰው አስቀድሜ እልካለሁ» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ የመርዶ ሕግ የለም ብዬ አምናለሁ። እውነቱ አይቅር፤ የሚይዝም ሰው አይጥፋ። ሁላችንም እርስ በርሳችን የምንያያዝ ያድርገን እያልሁ፣ ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።